የእትዬ ማስተዋል ድምፅና አዲሱ ጥላ ፎቅ

እትዬ ማስተዋል በቢቸና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የታካሚ ስም ሲጠሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ጠርተውት ያልተገኘ ሰው የለም። ወረፋው ረዝሞበት ማዶ ሻይ ቤት የገባውም፣ ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ያሸለበውም "አቤት!" እያለ ይመጣል። አንድ ጊዜ በመንገድ የሚያልፍ ሞክሼ ሰው ስሙን ሰምቶ ደንግጦ ገብቶ፣ ሳይታመም ተመርምሮ ወጥቷል ይባላል። እኔ ይህን አላምንም፤ ድምፃቸውን ስለማውቅ ግን አጥብቄ አልከራከርም።

ይህ ድምፅ ጨዋታ ባለ ቀን ወደ ኳስ ሜዳ ይሄዳል። ኳስ ወዳዱ ባላቸው ሀብተ ሥላሴ ነበሩ፤ እትዬ ማስተዋል መጀመሪያ የተከተሏቸው ጃንጥላ ለመያዝ ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ዘመድ ሁሉ ኳሱ ይቀራል ብሎ ሲጠብቅ፣ ከል እንደለበሱ ጃንጥላውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። ከጎሉ አጠገብ፣ ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በረኛውን ባንተአምላክን ማሠልጠን ጀመሩ። እረፍት ላይ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ እሳቸውም ጃንጥላቸውን አንሥተው ወደ ሌላኛው ጎል ይሻገራሉ።

ባንተአምላክ በሥራ ቀን በርና መስኮት የሚበይድ ዝምተኛ ጎረምሳ ነው። "ግራህን እይ! ውጣ! ኧረ ውጣ አንተ ልጅ!" ይሉታል። ችግሩ ምክራቸው ዘግየት ማለቱ ነው። "ውጣ!" ሲሉ ኳሷ ብዙ ጊዜ መረብ ውስጥ አርፋለች። እኛም እንስቅባቸዋለን። ከሜዳው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ እኔ ይግዛው ደግሞ ከሁሉ እብሳለሁ። "እትዬ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም" እላቸዋለሁ። "አይስማ! እኔ የምጮኸው ለገዛ ነፍሴ ነው" ይሉኛል።

ሜዳው ይታደስ ተብሎ ድንጋይና አሸዋ መራገፍ ሲጀምር ጨዋታ ቆመ። ደጋፊው ግን አልቆመም። ከሥራ መልስ እየመጣን የቁፋሮው አፈር ክምር ላይ ተቀምጠን ግንባታውን እናይ ጀመር። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ነበር የምናየው። ብዙም ሳንቆይ ግን ተከፈልን፤ ግማሻችን በቀኝ በኩል የሚገነባው ግንበኛ ደጋፊ፣ ግማሻችን የግራው ደጋፊ ሆንን። ድንጋዩ ከተጣመመ "ቀይ ካርድ!" እንላለን። ሚክሰሩ አልነሣ ብሎ ቆይቶ ሲነሣ ቆመን እናጨበጭባለን። ዳኛ ስላልነበረ ስድቡን ሁሉ ባየ የሚባለው ፎርማን ተቀበለ። ምስኪን ሰው፣ ብዙ አገር ዞሮ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ሲሚንቶ እያስቦካ ኦፍሳይድ የተባለው ግን እኛ ዘንድ ብቻ ነው። እትዬ ማስተዋል የቀኙ ደጋፊ ነበሩ። ድምፃቸውን በሰማ ቁጥር ግንበኛው ድንጋይ ከእጁ ስለሚያመልጠው ግራው መሪነቱን ያዘ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ስብሰባ ነበር፤ ነገሩ የተበላሸውም እዚያ ነው።

በገበያ ቀን ከሞጣ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ አቶ አብዱልዋሂድ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። የሞጣ ቡድን ደጋፊ ናቸው፤ ከእትዬ ማስተዋል ጋር ሲገናኙ ከሰላምታ በፊት ይጣላሉ። ከስብሰባው ቀደም ብሎ በዋለው ገበያ አቡጀዲ እየለኩላቸው፣ "ሰማሽ ወይ ማስተዋል? የሞጣ ሜዳ የመሮጫ መም ሊኖረው ነው። ዙሪያውን፣ ቀይ!" አሏቸው። እትዬ አቡጀዲውን ጥለውት ሄዱ።

በስብሰባው ላይ ኢንጂነሯ ንጋት ሁለት ንድፍ ዘረጋችልን። በአንዱ ንድፍ ጥላ ፎቁ ከሜዳው መስመር ጥግ ነው። በሁለተኛው ዙሪያውን መም ይሠራና ጥላ ፎቁ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፊቱም ይታጠራል። "ለመሆኑ ሯጮች አሏችሁ?" ብላ ጠየቀች። እትዬ ማስተዋል ተነሡ።

"ሯጭ ባይኖርስ! ሞጣ መም ሲኖራት እኛ ሣር ላይ ልንቀር ነው? ከማን አንሰን!"

ጭብጨባው ለጉድ ነበር። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ንጋት የመጀመሪያውን ንድፍ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

እንግዲህ የጥላ ፎቁ ደረጃ አርማታ ተሞልቶ ሲደርቅ ፎርማኑ ባየ እንድንወጣ ፈቀደልን። እትዬ ማስተዋል ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ ላይ ወጡና ርስት እንደገባለት ሰው ተደላድለው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለከቱ። በጣታቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ፣

"ይግዛው፣ ያ ጎሉ ነው?" አሉኝ።

"ጎሉ ነው።"

"ምነው እንዲህ ራቀ?"

"መሙ ገብቶ ነዋ፣ እትዬ።"

"እስቲ ሂድና እዚያ ቁምልኝ።"

ሄጄ ባንተአምላክ የሚቆምበት ቦታ ቆምሁ። እሳቸው ከላይ ተነሥተው እጃቸውን ሲያወናጭፉ አየሁ፤ አፋቸውም ሲከፈት አየሁ። ነፋሱ ከእኔ ወደ እሳቸው ነበርና እኔ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም። ተመልሼ እውነቱን ነገርኋቸው።

"ጆሮህን ታከም፤ ና ካርድ ላውጣልህ" አሉኝ። ፊታቸው ግን አልሳቀም። ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም አሉ። "እኔ ኳስ አላውቅም፣ ይግዛው። የማውቀው መጮህ ነው። ካልተሰማሁ ከዚያ ምን ልሠራ እመጣለሁ?" ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ግን አሳዘኑኝ፤ እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው።

በማግሥቱ ንጋትን ያዟት። ጥላ ፎቁ "ትንሽ ጠጋ" እንዲል ለመኗት። ንጋት መጀመሪያ አርማታውን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች።

"እትዬ፣ ስብሰባው ላይ ከማን አንሰን ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጎሉን መች አሰብሁት!"

ንጋት ሳቋን ለመደበቅ ወደ ሚክሰሩ ዞረች።

እኛም መፍትሔ ያልነውን አመጣን፤ የእጅ ማይክ እንግዛልዎ አልናቸው። "የሎተሪ አዟሪ ነኝ?" ብለው ተቆጡን። በዚያ ሰሞን ጤና ጣቢያ ስም ሲጠሩ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ጀመሩ ተባለ። ታካሚው ነው የተገረመው።

ቀጥሎ ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄዱ። ሙሽሮቹ ሳይገቡ እሳቸው ወደ ሞጣ ኳስ ሜዳ ገቡ። ሣር ነው። ከዳር እስከ ዳር ሣር። ከዚያ አቶ አብዱልዋሂድን ሱቃቸው ድረስ ሄደው አፋጠጧቸው።

"መሙ የታለ?"

"ሊኖረው ነው አልሁ እንጂ አለው መች አልሁ?" አሉ አቶ አብዱልዋሂድ፣ ሜትራቸውን በአንገታቸው እንዳጠለቁ። ልጃቸው ሳቢራ ለእንግዳዋ ወንበር አቅርባ ነበር፤ እትዬ ግን ቆመው ጀምረው ቆመው ጨረሱ። ቁጣውን የሞጣ ገበያ በሙሉ ሰምቶታል፤ እዚያ መም የለማ።

ሜዳችን የተመረቀው ከዚሁ ከሞጣ ቡድን ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው። ለእትዬ ማስተዋል የክብር ቦታ ተሰጣቸው፤ ከጥላ ፎቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መካከል ላይ። አቶ አብዱልዋሂድም ከሞጣ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ለተንኮል ይሁን ለዕርቅ አላወቅሁም። ጨዋታው ሊጀመር ሲል እትዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ጎሉ ሊወርዱ ሞከሩ። አጥሩ በር ላይ የቆመው አስተናባሪ በትሕትና መለሳቸው። መሙ ላይ ሰው መቆም ክልክል ነው፣ ሯጭ ያሰናክላል አላቸው። መሙ ላይ አንድም ሯጭ አልነበረም።

ከላይ ሆነው ጮኹ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ድምፃቸውን ለእኛው መለሰልን፤ አቶ አብዱልዋሂድ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ባንተአምላክ ደግሞ እንደ ወትሮው አልነበረም። ኳሷ ራቅ ስትልለት ከጎሉ ጎን፣ ድሮ ድንጋይዋ ወደነበረችበት ይመለከታል። ከዚያ ወደ ጥላ ፎቁ ያንጋጥጣል። እንደዚህ ሲያማትር ነው ያገቡበት። እትዬ "ውጣ!" አሉ፤ ያው ዘግይተው።

ከእረፍት በኋላ አልጮኹም። ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንደ ማንም ሰው ተቀምጠው አዩ። ይህ ከመሸነፋችን ይልቅ ከፋኝ። አቶ አብዱልዋሂድ ራሳቸው፣ ያሸነፉት ሰውዬ፣ "ኧረ ማስተዋል፣ አንድ ቃል ተናገሪ! እንዲህ ሆነሽማ ማሸነፉም አልጣመኝ" አሏቸው።

ሕዝቡ ሲበተን ባንተአምላክ ጓንቱን እንደያዘ በአስተናባሪው በኩል አልፎ ደረጃውን ወጣና ፊታቸው ቆመ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከ"እንዴት ዋሉ" ያለፈ ቃል ሲናገራቸው ሰምቼ አላውቅም።

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አላቸው።

"እ?"

"ዛሬ ዝም አሉኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል የለም። እርስዎ እንዲህ የሚቀየሙኝ ትልቅ ነገር ባጠፋ ነው ብዬ ጨዋታውን ሙሉ ሳስብ ዋልሁ። ምን እንደሆነ ግን አጣሁት።"

"አይሰማዎትም" ስንላቸው የኖርን ሁሉ መሬት መሬት አየን። እትዬ ማስተዋል የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወስደው መለሱት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያጠፋኸውማ ብዙ ነው!" አሉ። ያ ድምፅ ከነጉልበቱ ወጣ። መልበሻ ቤቱ ደጃፍ ያሉት ተጫዋቾች ዞሩ፤ ከአጥሩ ውጭ ይበተን የነበረው ሰው ቆመ። "ቀድመህ አትወጣም ነበር? ግራህን ለማን ትተኸው ነው? ያን ረጅሙን ልጅ አላየኸውም?" እያሉ ከጨዋታው መጀመሪያ ተነሥተው አንዷን ሳያስቀሩ ይዘረዝሩለት ጀመር። ባንተአምላክ ጓንቱን ብብቱ ሥር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆሞ አዳመጣቸው።