የመምህሩ ቄጠማ

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 20፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

መናኸሪያው ገና አልነቃም፤ ረዳቶቹ ግን ነቅተዋል። «ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አሁን ካፊያ ሆኗል። ጉልበቴ ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና አንድ እሽግ ባዶ ፌስታል ይዣለሁ። ስኳሩና ሻዩ ለይቅርታ ነው። ፌስታሉ ለምን እንደሆነ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የምሄደው ጥፋቴን ላምን ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ መምህርነት የጀመርሁባት አንዲት የገጠር መንደር አለች። አያ ምንውየለትና ባለቤታቸው እትየ ይታይሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ልጃቸው አኑረውኛል። አምና ጳጉሜ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ለምርቃቱ ጠሩኝ። ለጉዝጓዝ የሚሆን ቄጠማ ገበያ ላይ ብፈልግ አጣሁ። ከከተማው መውጫ፣ ቦዩ ዳር፣ ቅጠሉ የለመለመና ትናንሽ ነጭ አበባ የሞላው ተክል አየሁ። አበባ ያለው ጉዝጓዝ! ሁለት ትልልቅ እስር አጭጄ እየኮራሁ ሄድሁ።

ቤቱ ሲመረቅ ሰው ሁሉ ያነጥስ ጀመር። ቄሱ ምርቃቱን ሦስት ጊዜ አቋረጡ። ጓዳ ውስጥ በርበሬ እየተቆላ መስሎን ምስኪኖቹን ወጥ ሠሪዎች ተቆጣናቸው። ባለፈው ሳምንት አያ ደወሉልኝና «ያ ያመጣኸው ነገር በርበሬዬን እየዋጠው ነው» አሉ። የግብርና ባለሙያ የሆነው ጎረቤቴ የቦዩን ዳር አንዴ አይቶ «ይሄማ ፓርቲኒየም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ መጤ አረም። ዘሩ አይቆጠርም። አንተ ደግሞ ተሸክመህ አዳረስኸው!» ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ቡሬ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ማንኩሳን አልፈን የመጣነው በበቆሎ መሀል ነው። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ በበቆሎው ላይ ጉም፣ ከጉሙ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ቡሬ ስንወርድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ የእህል መጋዘኖቹ በራፍ ላይ ኢሱዙዎች ተሰልፈዋል። አንድ የተጠበሰ እሸት በሃያ ብር ገዛሁ። «አምና አሥር ነበር» ብላት ሻጯ ልጅ «አምና እኔም አጭር ነበርሁ» አለችኝ። እሸቱ ግን ጥርስ ላይ ወተት ነው።

ወደ መንደሩ የሚወስደኝ ባጃጅ አገኘሁ። ሾፌሩ ሙሉቀን ይባላል፤ ከመንገዱ ይልቅ ወሬው ላይ ነው ዓይኑ።

«እዚያ ሰፈር አዲስ አረም ገብቷል፤ ሰምተሃል?» አለኝ።

«ምን የሚሉት አረም?»

«የመምህሩ ቄጠማ።»

እሸቱን ከአፌ አወጣሁ። «ለምን እንዲህ ተባለ?»

«አንድ የተማረ ሰው ነው አሉ አምጥቶ ያነጠፈው። የተማረ ሰው እኮ!»

«ሳያውቅ ይሆናላ።»

«ሳያውቅማ እኛም እናመጣለን። ለዚህ ምን መማር ያስፈልጋል?»

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ባሕር ዛፎቹን በጣም በትኩረት ተመለከትሁ።

ከአያ ምንውየለት ቤት፣ 4 ሰዓት

እትየ ይታይሽ እንደ ወጉ ውኃ ይዘው መጥተው እግሬን አጠቡኝ። ወትሮ ሲያጥቡኝ ይቀልዱ ነበር፤ ዛሬ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ በላይ ከበደኝ።

«እትየ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁ፣ ስኳሩንና ሻይ ቅጠሉን እያቀበልሁ። «ላየው ነው የመጣሁት።»

አያ ከመደቡ ተነሡ። «ማየቱ ደግ ነው። ና እስቲ።»

በርበሬው ከቤቱ ጀርባ ነው። ከሩቅ ሳየው አንዱ ጥግ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀርቤ ሳየው ደነገጥሁ፤ ነጩ አበባ ከበርበሬው አንድ ክንድ ይበልጣል፤ በሥሩ ያለው በርበሬ ቅጠሉ ገርጥቷል። የዓመቱ ልብስ፣ የልጅ ልጆቹ ደብተር፣ የማዳበሪያው ዋጋ የሚወጣው ከዚችው በርበሬ ነው።

«ሁለት ጊዜ በማጭድ ቆረጥሁት» አሉ አያ። «ቅርንጫፉን አብዝቶ መጣ። ይኸው አንዳንዱ አበባ መጥቆር ጀምሯል፤ ዘሩ ሊረግፍ ነው። ነገ ደግሞ ማርያም ናት፤ እርሻ አይነካም። ነፋሱ ግን በዓል አያከብርልንም።»

«እንግዲያው ዛሬ እንጨርሰዋለን» አልሁ። ከአፌ ሲወጣ እኔም አላመንሁትም።

ይኼኔ እትየ ይታይሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «የሱ ጥፋት ብቻ አይዶለም» አሉ። «ጉዝጓዙን ከቤት ጠርጌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጸሎት የተደረገበት ነው፣ እንዴት ሜዳ ይጣላል ብዬ፣ በረከት ይሁነው ብዬ ወስጄ እዚህ የበተንሁት በጄ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሰው አልተናገርሁም።»

ለካ ዝምታቸው ለዚህ ነበር! እኔን የተቀየሙ መስሎኝ ስፈራቸው፣ እሳቸው ደግሞ እኔን ፈርተው ኖሯል።

አያ ሁለታችንንም አዩን። «በሉ፣ ጥፋቱን ከተካፈላችሁ ነቀላውንም ተካፈሉ» አሉና ጎረቤት ሊጠሩ ሄዱ።

በርበሬው መሀል፣ እስከ 9 ሰዓት

ደቦው ተሰበሰበ። አሁን የፌስታሉ ተራ ነው። የግብርና ባለሙያው ጎረቤቴ «በባዶ እጅ ከነካችሁት ያሳክካል» ብሎኝ ነበርና ለያንዳንዱ እጅ አንድ አንድ ፌስታል አደልሁ።

«መምህር፣ አምና ቄጠማ፣ ዘንድሮ ፌስታል! ለከርሞ ምን ታመጣልን ይሆን?» አለ አንዱ ጎልማሳ። ሳቁ እርሻውን ሞላው።

ሥራው እንዲህ ነው፤ አበባው የጠቆረውን መጀመሪያ ቀስ አድርጎ ጆንያ ውስጥ መክተት፤ የቀረውን ከነሥሩ መንቀል። ዝናቡ አፈሩን ስላራሰው ሥሩ እሺ ብሎ ይወጣል። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ወንዶቹ «እኛን ምን ያደርገናል» ብለው ያነጥሳሉ። ምሳ ትኩስ ዳቦ፣ አይብና ጠላ ነበር። ጾሙ ከተፈታ ገና አራተኛ ቀኑ ነውና አይቡን ማንም አላሳለፈውም። ስቸኩል አሥር ያህል በርበሬ ረግጫለሁ። አያ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጩ ጠፍቶ የጥጉ ጥቁር አፈር ታየ። የገረጣው በርበሬ ብርሃን አገኘ። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ ከርሞም ይበቅላል» አሉ አያ።

«ከርሞም እመጣለሁ። ስሙን ግን አታነሡልኝም?»

ትንሽ አሰቡ። «ስሙማ ይቆይ። ስም ከሌለው ማን ይለየዋል? አሁን ልጆቹ ከሩቅ አይተው ‹የመምህሩ ቄጠማ!› እያሉ ይነቅሉታል።»

ልሰናበት ስነሣ እትየ ይታይሽ እንደገና ውኃ ይዘው መጡ።

«እትየ፣ እየሄድሁ እኮ ነው!»

«እኮ! ሌላው እንግዳ ሲመጣ ነው የሚታጠበው። አንተ ስትሄድም ትታጠባለህ።» አሁን ይስቃሉ። እግሬን አጠቡ፣ ጫማዬን አጠቡ፣ ከሱሪዬ እጥፋት የአረሙን ዘር አንድ በአንድ ለቀሙ። እጣቢውን ደጅ አልደፉትም፤ ምድጃው ፍም ላይ ከለበሱት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በአረሙ አሳበብሁ።

ፍኖተ ሰላም መግቢያ፣ 11 ሰዓት

ሚኒባሱ ወደ ከተማው ሲገባ ቦዩን አየሁት። አምና ያጨድሁበት ቦታ ነው። ነጭ በነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ አጠገቡ ያልፋል። እኔም ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አልፌዋለሁ።

«ወራጅ!» አልሁ።

ኪሴ ውስጥ ሁለት ፌስታል ተርፎኛል። እጄን ከትቼ፣ የታጠበውን እግሬን ጭቃው ውስጥ አስገብቼ መንቀል ጀመርሁ። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?»

ቀና ብዬ በአክብሮት መለስሁላቸው።

«የመምህሩ ቄጠማ ነው፣ እማማ። መምህሩም እኔ ነኝ።»