በዱቄት ጆንያ ላይ የጠለፍነው ውሃ

ዋሽቼ ነበር። ዛሬም ብጠየቅ አላፍርበትም።

በዚያ የረሃብ ዓመት ተሰደን ሱዳን ገብተን፣ ከገላባት በሎሪ ተጭነን ባሱንዳ አቅራቢያ ሜዳ ላይ ስንራገፍ፣ ውሃ በቦቴ ይመጣል ተብሎ ነበር። ቦቴው አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። እኛ ሴቶቹ እጃችንን አጣጥፈን አልጠበቅንም። የቋራ ቆላ ያሳደገን ነንና ከመጠለያው ጀርባ ያለውን ደረቅ ወንዝ፣ የአገሩ ሰው ኾር የሚለውን፣ ተከትለን አሸዋውን ቆፈርን። የት እንደሚቆፈር እናውቃለን፤ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ የሮቃ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ባላረገፈበት ነው። ሰባት ቦታ ውሃ አገኘን። ከብት እንዳይረግጠው በእሾህ ከደንነው። ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ቦቴውን ባዩ ቁጥር "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" እያሉ ይተርቱ ነበር። እኛ ግን አልጠማንም።

ከዚያ ቀያሹ መጣ። ሱዳናዊ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ባለ ሦስት እግር መነጽርና የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። የአካባቢውን ውሃና ዛፍ በካርታ ላይ እንዲያሰፍር ተልኮ ነው። እኔ ቀደም ብዬ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ እየወረድኩ ዐረብኛ ስለለቃቀምኩ አስተርጓሚ ተደረግሁ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እዚህ አካባቢ ውሃ የት ይገኛል?" አለኝ።

"ከቦቴው በቀር ጠብታ የለም" አልኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ ደረቁን አዞርኩት። ሴቶቹም ከኋላዬ "የለም፣ የለም" እያሉ አጀቡኝ።

ለምን ብትሉኝ፣ እኛ አገር ቀላድ የሚሉት የመሬት መለኪያ ገመድ ሲመጣ እናቶቻችን ያደረጉት ይኸንኑ ነው። ገመድና ወረቀት ይዞ ስለ መሬትህ የሚጠይቅ ሰው ሊወስድብህ እንጂ ሊሰጥህ አይመጣም። ለሙን ጭንጫ ነው፣ ምንጩን ደርቋል ብሎ መሸኘት ነው። ይህን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠባነው።

ወር ሳይሞላ የመጠለያው ኃላፊ ሰበሰበን። ካርታው ተሠርቷል፣ በካርታው ላይ እዚህ ውሃ የለም፣ ስለዚህ ክረምት ሳይገባ በሎሪ ተጭናችሁ ሩቅ ቦታ ትዛወራላችሁ አለን።

ታናሹን ልጄን ያጣሁት ከገላባት ስንመጣ ሎሪ ላይ ነው። ኩፍኝ ይዞት ነበር፤ ፀሐዩ ጨረሰው። ሹፌሩ እስኪያቆምልኝ ድረስ ሬሳውን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከዚያው ኩፍኝ ገና መነሳቷ ስለነበር ምሰሶ ይዛ ነበር የምትቆመው። በዚያ አቅሟ ዳግም ሎሪ ላይ ብጭናት እሷንም እንደማጣት አውቄዋለሁ። የገዛ ውሸቴ ልጄን ሊገድልብኝ ነው።

ሴቶቹን ጠርቼ እንናገር አልኳቸው። ግማሾቹ "ካሳየናቸው ዘበኛ ያቆሙበታል፣ ቁልፍ ያበጁለታል" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው ግን "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሂጂና ንገሪው ልጄ፤ ብቻ አንገትሽን ደፍተሽ አትንገሪው" አሉኝ።

ቀያሹ ድንኳኑን ገና አልነቀለም።

"ዋሽቼሃለሁ" አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። "ሁለት ቀን ሙሉ? ለምን?"

"ምን አላችሁ ብለህ ጠየቅኸኝ እንጂ ለምን እንደምትጠይቅ አልነገርከኝም። ሰባት ቦታ አለን፤ ሁሉንም አሳይሃለሁ። የካርታው አንድ ቅጂ ግን እዚህ ፊታችን ይሰቀል።"

"የድንበር አካባቢ ካርታ ለስደተኛ አይሰጥም። ገዳሪፍ ቢሮ ነው የሚቀመጠው።"

"ቆፍረን ያገኘነው እኛ፣ ወረቀቱን የምታዩት እናንተ ብቻ?"

"ኻላስ፣ በቃ፣ ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም" አለ።

ትቼው ብሄድ ደስ ባለኝ። ልጄ ግን ምሰሶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። እየተቃጠልኩ ሰባቱንም አሳየሁት። እየጎነበሰ ቀመሰ፣ ጻፈ። ዝውውሩ ቀረ፤ ካርታውም ገዳሪፍ ሄዶ ተቆለፈበት።

እኛም የራሳችንን ሠራን። የዱቄት ጆንያ አጥበን ዘረጋንና ኾሩን በጥቁር ክር፣ ውሃውን በቀይ ክር፣ የማይቆረጡትን ዛፎች በአረንጓዴ ጠለፍንበት። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አላልነውም። የሞላ ጀሪካን የተሸከመች ሴት እስክትመለስ ስንት ጊዜ አውርዳ እንደምታርፍ ቆጠርን፤ ለአንድ እረፍት አንድ ስፌት። ጆንያውን ራሽን የሚታደልበት ዳስ ላይ ሰቀልነው፣ አብረውን የተጠለሉት ትግርኛ ተናጋሪዎችም የአገሩ ከብት አርቢዎችም እንዲያዩት። አንድ ዐረብ ከብት አርቢ ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ ስምንተኛው ቀርቷችኋል ብሎ ወስዶ አሳየን። እሱንም ጠለፍነው።

ኃላፊው አውርዱ አለ፤ ክልክል ነው። "እኛ ሰቅለናል፣ የምታወርደው አንተ ነህ" አልኩት። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩት። አላወረደውም።

በዓመቱ ቀያሹ ተመለሰ። የእጅ ፓምፕ የሚተከልበትን እንዲመርጥ ተልኳል፤ የገዛ ካርታውን የሚያወጣለት ባለ ቁልፍ ግን አላገኘም። ጆንያው ፊት ቆሞ ቀዮቹን ቆጠረ።

"ስምንት ናቸው" አለ። "ልውሰደውና ገልብጬ ልመልሰው።"

"አይወሰድም። እንደ ማንም ሰው እዚሁ ቆመህ ቅዳ፤ እኛ ማንንም አልከለከልንም።"

ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀዳ። የስፌቱን ነገር ነገርኩት፤ እየቆጠረ ጻፈ። አንዱ ጋ ሲሳሳት ልጄ ከውሃ ስትመለስ ደርሳ ነበርና የሞላ ጀሪካኗን አወረደች፣ እጁንም ያዘችው።

"እዚህ ጋ ሁለት አይደለም" አለችው በዐረብኛ፣ "እኔ ሦስቴ ነው የማርፈው።"