ሳህኑ ባዶ ከተመለሰ

ደብረ ብርሃን ባለችው ጠባብ ወጥ ቤቴ ውስጥ ጦስኝ ጣል ያደረግኩበት ማንቆርቆሪያ መንተክተክ ሲጀምርና ያ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ሲያውደኝ፣ እኔ ከዚያ ቤት የለሁም። መንዝ፣ ሞላሌ፣ የአባቴ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ ሣሩ ገና ጤዛው አልረገፈለትም፣ አክስቴ ብርቄ ማንኪያ ይዛ «እንዳይንኳኳ አላልኩም?» ትለኛለች። ጦስኝን የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው፤ ደጋ ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ትንሽ ቅጠል ያለው፣ ሻይ ውስጥ ሲገባ ብርድን የሚያስረሳ ነገር ነው። ከጓሳ በኩል የሚመጡ ሰዎች በጨርቅ ቋጥረው ያመጡልን ነበር። ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ ገዝቼው ነው የምናገረው፣ አልተቀየምኩም።

አክስቴ ብርቄ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ብዙ ዓመት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ሠርታ፣ በቃኝ ብላ የተመለሰችው በሐምሌ ዝናብ ነበር። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሻንጣዋን ለእናቴ አሸክማ፣ አንዲት ካርቶን ግን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጭቃውን እየዘለለች መጣች። ካርቶኗ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ነጭ የሻይ ስኒዎች ከነማስቀመጫቸው ነበሩ። እናቴ አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታዞረው ጣቶቿ በስኒው ገላ አልፈው ታዩ። «ይሄማ ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም» አለችና ቀስ አድርጋ መለሰችው።

ያን ክረምት እሳት ዳር ተሰብስበን ስንቀመጥ የአክስቴ ወሬ ሁሉ ስለ ግቢያችን ነበር። ሞላሌ ሻይ ቤት አጥታ አታውቅም፤ ግን ሻይ ቤቶቹ በጭስ የጠቆሩ፣ ወንዶች በር ላይ ተደርድረው ዐላፊ አግዳሚውን የሚያዩባቸው ክፍሎች ነበሩና ሴት አትገባባቸውም ነበር። «ሴት ከቅዳሴ ወጥታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ አበባ እያየች ሻይ የምትጠጣበት ቦታ ልሠራ ነው» ትላለች አክስቴ። አባቴ ደግሞ ግቢውን ለሌላ ነገር አጭቶት ነበር። ለበግ ጉረኖ የሚሆን የባሕር ዛፍ ቋሚ አስቆርጦ፣ አጥሩ ሥር ከምሮ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በግ ይወድ ነበር እንጂ። እንዲያውም እኛን ልጆቹን ሲጠራ ስማችን ይምታታበት የነበረ ሰውዬ የበጎቹን ስም አንድ ቀን ሲስት አልሰማሁም።

አክስቴ ግቢውን ካላገኘች ተመልሳ ወደ ሆቴሏ እንደምትሄድ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቼ እንዳትሄድብን ፈራሁ። እሷ ከመጣች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳቅ በዝቶ ነበር፤ ፀጉሬንም እንደሷ ሳያሳምም የሚያበጥርልኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ምሽት አባቴ ክርክሩ ሰልችቶት ፍርድ ሲሰጥ ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ።

«አንድ ቀን ሰው ጥሪና የሚበላ አቅርቢ» አላት። «ሳህኑ ባዶ ከተመለሰ ግቢው ያንቺ ነው። የተረፈ ካለ ግን በማግስቱ ጉረኖዬን አቆማለሁ።»

«ጋሼ፣ ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሞላሌ ውስጥ ደግሞ ማታ እሳት ዳር የተባለ ነገር ጠዋት ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ቅዳሜ ገበያ ሳይቆም አገሩ ሁሉ ስለ ሳህኑ ያወራ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ተከፈተ፣ አደይ አበባው በየአጥሩ ሥር ፈነዳ፣ እኛም ሥራ ጀመርን። አክስቴ ሣሩን በማጭድ አስተካክላ አጭዳ፣ ድንጋዩን አስለቅማን፣ ከጎረቤት የጽጌረዳ ቁራጭ ለምና ተከለች። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን እንግዳ አድርጋ አስቀምጣ ታለማምደን ነበር፤ ስኒ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማንኪያ እንዴት ሳይንኳኳ እንደሚያማስል፣ ሻይ እንዴት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚጠጣ። ወንድሜ ይሄ የመጨረሻው ፈጽሞ አልሆነለትም። ፉት ባለ ቁጥር ውሻችን ቡቺ ጆሮውን ያቆም ነበር።

ቀኑን ስትመርጥ አክስቴ የወሰደችው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። «ከሻዩ ጋር የማቀርበው ኬክ ቅቤና እንቁላል አለው፤ በጾም ቀን ጠርቼ ጉድ እንዳልሆን» ብላ ረቡዕና ዓርብን ዘላ፣ ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ወሰነች። ለእናቴ ነገረቻት፣ እናቴም «ደግ ነው» አለች። ኬኩን አብረው ሠሩት፤ የኬክ መጋገሪያ ስለሌለን በድስት አድርገው ከላይም ከታችም ፍም እያደረጉ አበሰሉት። እናቴ ክንዷ እስኪዝል እንቁላል ስትመታ ዋለች፣ ጣቷን ግን አንዴ እንኳን አልላሰችም። እኔ ሳህኑን በምላሴ አጠብኩት።

እሑድ ደረሰ። ጠረጴዛ የሚበቃ ስላልነበረን አባቴ የጓዳውን በር ነቅሎ በሁለት በርሜል ላይ አጋደመልን፤ ተቃዋሚ ቢሆንም እጁ አልሰነፈም። አክስቴ ነጭ ጥልፍ ጨርቅ አለበሰችው፣ አደዩን በጠርሙስ አቆመችው። የመንዝ ነፋስ ደግሞ ለጥልፍ ጨርቅ ክብር የለውምና ጫፍና ጫፉን በድንጋይ አስያዝነው፣ በየወንበሩ ላይም ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ጣል አደረግን። ያችን ግቢ በዚያን ዕለት ያያት ሰው የኛ ናት ብሎ አያምንም ነበር።

እንግዶቹ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ። ከፊት እማሆይ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ከሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ አባቴን ከክርስትናው ቀን ጀምረው የሚያውቁት መነኩሲት። ከኋላቸው የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ አስካለና የሰፈራችን ሴቶች ተከተሉ። መጀመሪያ ላይ ስኒውን ለመንካት ፈርተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ጦስኙ ሲሸታቸው ግን ፍርሃቱ ለቀቃቸው፣ ወሬውም ሞቀ። አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ገመድ የሚገምድ መስሎ ሳህን ይጠብቅ ነበር።

አክስቴ ኬኩን ቆርሳ «በሞቴ፣ ቅመሱልኝ» እያለች አዞረች። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ነው!»፣ «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ማንቆርቆሪያውን ልታመጣ ዞር ብላ ስትመለስ ሳህኑ ሁሉ ባዶ ነበር። ፊቷ በራ። ደግማ ሰጠች፣ ሻይ ልትቀዳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ደግሞ ባዶ። አባቴ ገመዱን አቆመ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ገረመኝ፣ የማንም ጉንጭ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።

ጉዱን ያወጣው ቡቺ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ፣ በአፍንጫው እያሸተተ ሄዶ፣ የእማሆይ ነጠላ ሥር ዘው አለ። «ሂድ፣ አንተ!» ብለው ነጠላቸውን ሲጎትቱ አንድ ቁራሽ ኬክ ሣሩ ላይ ዱብ አለ። ቡቺ እሱን ዋጥ አድርጎ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞረ። እሳቸው ተነሥተው ሊሸሹ ሲሉ ከመቀነታቸው ሌላ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነጠላውን ጨምድዶ ይዞ ውሻውን ያያል።

የአክስቴ ፊት አመድ መሰለ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «አልጣፈጠም ማለት ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ያቺን ድምፅ ስሰማ እኔም እንባዬ መጣ።

«የለም ልጄ» አሉ እማሆይ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ጽጌን ይዤ ነው። የፈቃድ ጾም ነውና ሰው ፊት ጾመኛ ነኝ ማለት ውዳሴ ከንቱ ሆነብኝ። ሳህኑን ሞልቼ እንዳልመልሰው ደግሞ ያንቺን ነገር ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ጽጌ የሚባለው በዚህ በአበባው ወራት፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ጾም ነው። ግዴታ የለበትም፤ የወደደ ይጾመዋል፣ የጾመም አያወራም። አክስቴ ሆቴል ቤት ስትኖር ከልቧ ወጥቶባት ነበር።

ወይዘሮ አስካለ «እኔም እኮ ይዤዋለሁ፣ እማሆይ» አሉ። አጠገባቸው ያለችው ጎረቤታችን «እኔም» አለች። «እኔም»፣ «እኔም» እያለ ጠረጴዛውን ዞረ። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚጾሙ መስሏቸው፣ አንዷ ከሌላዋ ስትደብቅ ነበር የቆዩት። መጨረሻ ላይ ከወጥ ቤቱ በር «እኔም» የሚል ድምፅ መጣ፤ እናቴ ናት።

አክስቴ ዞር ብላ «አንቺም? ያን ሁሉ እንቁላል እየመታሽ?» አለቻት።

«ደስ ብሎሽ ስትሠሪ ባይ ጊዜ አፌ እምቢ አለኝ» አለች እናቴ።

መጀመሪያ እማሆይ ሳቁ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ ሳቀ፣ አክስቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር። ተነሥቶ መጣና «ሳቁ ደስ ይላል፤ ኬኩ ግን አልተበላም» አለ። ደግሞ እውነቱን ነው፤ በየነጠላው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር።

እማሆይ ቀና ብለው አዩት። «ተሾመ፣ አንተ ጽጌን ትጾማለህ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «አልጾምም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ተቀመጥ። ሳህኑ ባዶ ይመለስ አልክ እንጂ ማን ይብላው አላልክም።»

የነጠላው ቋጠሮ ሁሉ ተፈታ፣ ኬኩ ወደ ሳህን ተመለሰ፣ አባቴም ቦታ ስላልነበረ በራሱ የጉረኖ ቋሚ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሊያቆም ሲል ወይዘሮ አስካለ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ይሉታል፤ በሞቴ የተባለ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም። ያቺን ሲውጥ ሌላዋ «የኔንስ ንቀህ ነው?» ትለዋለች። ሴቶቹ ባዶ ሻያቸውን እየጠጡ አጎረሱት፤ እኔና ወንድሜም ከጎኑ ሆነን ረዳነው፣ ማንም የማንኪያ ሥርዓት አልጠየቀንም። የመጨረሻው ፍርፋሪ ሲያልቅ አባቴ ሳህኑን ገልብጦ ለአክስቴ አሳያትና «ግቢው ያንቺ ነው። አሁን ውሃ ስጪኝ» አላት። እናቴ የገብስ ቆሎና በማር የታሸ በሶ አወጣችላቸው፣ እንግዶቹም ነፋሱ እስኪበረታ ድረስ ባናቸውን ተከናንበው ሲጫወቱ አመሹ።

በበጋው አባቴ ያን የባሕር ዛፍ ቋሚ ሰንጥቆ ለአክስቴ አግዳሚ ወንበር ሠራላት። በጎቹ እንደ ድሮው ከቤቱ ጎን አደሩ፤ ሲያኮርፉ አላየሁም። ሴቶቹም ከቅዳሴ ሲወጡ በግቢያችን በር መታጠፍ ለመዱ፣ ጽጌረዳዋም በሚቀጥለው ዓመት አበበች።

ግቢው ዛሬም አለ፣ አክስቴም አለች፤ ፀጉሯ ሸበተ እንጂ ማንኪያ ሲንኳኳ ዛሬም ትቆጣለች። በየዓመቱ ጥቅምት ስሄድ ሁለት ዓይነት ታሰናዳለች፣ ለጾመኛው በሶ፣ ለአባቴ ኬክ። አርጅቶም ጽጌን ለምን እንዳልጀመረ የሚጠይቀው ሰው ካለ፣ «ሁላችሁም ከጾማችሁ ሳህኑን ማን ሊያጸዳላችሁ ነው?» ይላል።

እኔም በአቅሜ ቤቴ ሰው እጠራለሁ። ጓደኞቼ ከመምጣታቸው በፊት በቴሌግራም ይጽፉልኛል፤ አንዷ ጾም ላይ ናት፣ አንዷ ስኳር ትታለች፣ አንዷን ስንዴ አይስማማትም። መልካም ነው፣ ድካም ይቀንሳል፣ ማንም አይሳቀቅም፣ ደስ ብሎን እንለያያለን። ግን እንግዶቼን ሸኝቼ፣ የጦስኙን ሽታ እያሸተትኩ የተረፈውን ኬክ ስከድን፣ እኔ እንዳላፍር ብሎ ኬክ በነጠላው የሚቋጥርልኝ ሰው እንዳለኝ ማወቅ ያምረኛል።