በሞቴ ያጎረስኳት ሽኮኮ

ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሳነሳ እቆይና፣ ወገቤን ይዤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ የዱር እንስሳት ማገገሚያው እደርሳለሁ። ደመወዝ የለውም። መኪና የገጨው ራኩን የሚሉት ቆሻሻ የሚበረብር የሌሊት አውሬ፣ ከመስኮት መስታወት ጋር የተጋጨ ወፍ፣ ዛፍ ሲቆረጥ ከጎጆዋ የወደቀች ሽኮኮ እዚያ ይመጣሉ፤ ታክመውና በልተው ሲጠነክሩ ወደ ጫካ ይለቀቃሉ። ሽኮኮ የምላት እንኳ ያገሬዋ ሽኮኮ አይደለችም፤ በምንኖርበት በሴንት ጄምስ ታውን ከፎቃችን ሥር ቆሻሻ ገንዳው ላይ የምትዘለው፣ ጭራዋ ጎፈሬ የሆነችው ናት። ሌላ ስም ስላጣሁላት ነው።

ባሌ ነገሩ አይዋጥለትም። "ሺፍት ጨርሰሽ ደግሞ ለስኩዊረል ነርስ ትሆኛለሽ? ፔይ እንኳ አያደርጉሽም!" ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን አገር ቤት አሥራ ስምንት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። በሬ አክሜአለሁ፣ ላም አዋልጃለሁ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የማነሳው ሁሉ ካርቶን ነው፤ ካርቶን ደግሞ አይሞቅም፣ አይተነፍስም። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ስለማላውቅ "ተወኝ እባክህ፣ ደክሞኛል" ብዬው አልፋለሁ።

ማገገሚያው ግን ላም ማዋለዴን ከቁም ነገር አልጣፈውም። ስምንት ወር ሙሉ ፎጣ አጠብኩ፣ የራኩን ኩስ ጠረግሁ። አስተባባሪዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ቆፍጣና ሴት ናት፤ የመጀመሪያው ቀን "መመገብ የሚፈቀድልሽ እጅሽን ሳየው ነው" አለችኝ። በስምንተኛው ወር አየችውና ጫፉ ላይ ትንሽ ጡጦ የተሰካበት ሲሪንጅ ሰጠችኝ። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነው የተመለስኩት።

የምገባው ደንብ አጭር ነው። ወተቱ በሚሊ ይለካል፣ በዝግታ ይሰጣል፣ አፏን ስታዞር ይቆማል፣ የጠጣችው ልክ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ማናገርም ክልክል ነው፤ ሰው የለመደች ሽኮኮ ጫካ ውስጥ ዕድሜ የላትም።

አራት እህትማማች የሽኮኮ ጨቅላዎች ነበሩ። ትንሿ ዓይኗን ከገለጠች ገና ሳምንቷ ነው፤ የጎድን አጥንቷ በጣቴ ይቆጠራል። በዚያ ቅዳሜ ሦስት ሚሊ ጠጣችና አፏን አዞረች። ይህ አጥንት በሦስት ሚሊ ጠገበ? አላመንኳትም። እኛ ቤት እንግዳ ጠገብኩ ሲል ማን ያምናል? ጠገብኩ ካለ በኋላ ነው መስተንግዶው የሚጀመረው። ሲሪንጁን እንደገና ሞላሁና ጡጦውን አፏ ውስጥ መልሼ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" አልኳት። ገፋሁት። ጨመርኩ። ወተቱ በአፍንጫዋ አረፋ ሆኖ ወጣ።

ፈጥኜ ዘቀዘቅኋት፣ ጠረግኋት። ሁለቴ አነጠሰችና ዝም አለች፤ ከእህቶቿ መሐል መልሼ አስተኛኋት። ገበሬ ሰብስቤ "ጥጃ መድኃኒት ስትግቱ ሳንባው እንዳይገባ ተጠንቀቁ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ! የሰጠኋት አራት ተኩል ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ "ሦስት" ብዬ ጻፍኩ። ደክሞኝ ነበር እላለሁ፤ ደክሞኝም ነበር። ግን የዋሸሁት ሲሪንጁን እንዳይቀሙኝ ፈርቼ ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ ምሳ ላይ፣ ባሌ ጠገብኩ ብሎ እጁን ሰበሰበ። እኔ እንደ ልማዴ ጠቅልዬ "በሞቴ" አልኩት። ዓይኑን እያንከባለለ ተቀበለኝና በግድ ዋጠው። "ልትገድይኝ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተነሥቼ ጃኬቴን አነሣሁ።

"ወዴት ነው?"

"ማገገሚያው።"

"በሰንደይ? ዛሬ ኦፍ አይደለሽም እንዴ?"

በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስደርስ አስተባባሪዋ ማሞቂያ ሣጥኑ ላይ አጎንብሳለች። ትንሿ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው፤ ደረቷ ይንቋቋል። "ብርድ መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ ሙቀት ስጨምርላት ነበር" አለችኝ። "ወረቀቱ ላይ ምንም ችግር የለም።"

"ወረቀቱ ውሸት ነው" አልኳት። "አራት ተኩል ነው የሰጠኋት። በአፍንጫዋ ወጥቷል።"

"መቼ?"

"ትናንት ከሰዓት።"

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር። ለሳንባዋ መድኃኒት ወጋቻት፣ ኦክስጅን አደረገችላት፤ ከዚያ ዞር ሳትል "ትናንት ብትነግሪኝ ጊዜ ነበረን" አለች። ለምን እንደጨመርኩላት ጠየቀችኝ። እጄን አይታ ስላመነችኝ ግራ ገብቷታል። እኛ ዘንድ የጠገበ ሰው እንደሚለመን፣ ካልበላህልኝ ልሙት እንደሚባል በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋት። ስናገረው ለራሴም አስጠላኝ። "እሷ እኮ እምቢ የምትልበት ሌላ መንገድ የላትም" አለችኝ፤ "አፏን ማዞር ብቻ ነው ያላት።"

ትንሿ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። አስተባባሪዋ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀበለችኝ፤ "ሦስት" የሚለውን ሰርዤ "አራት ተኩል" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት።

ወደ ፎጣዎቼ ተመለስኩ። ማንም አላባረረኝ፣ ማንም አላጽናናኝ። ስንት ቅዳሜ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሜ "ዛሬስ ይቅርብኝ" ብያለሁ፤ ጉልበቴም ልቤም ዝሏል። ባሌ እንኳ ቀልዱን አቆመ፤ ያ ደግሞ ይብሱን ከበደኝ። ብቻ አውቶቡሱ ሲመጣ እሳፈራለሁ።

መስከረም ላይ ሌሎች ጨቅላዎች መጡ። አስተባባሪዋ ሲሪንጁን በእጄ አስያዘችኝና አጠገቤ ቆመች። አንዷን በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት። ሁለት ሚሊ ጠጣች፤ አንዱ ሲቀር አፏን አዞረች። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። እጄ ግን ወደ አፏ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ያን አልክድም።

"ምነው?" አለችኝ አስተባባሪዋ።

"ጠግባለች" አልኳት።

የቀረውን ወተት ደፋሁት፣ ወረቀቱ ላይ "ሁለት" ብዬ ጻፍኩ። ከማስተኛቴ በፊት ሆዷን በጣቴ ዳሰስኩት። ክብ ሆኖ ሞልቷል። የዚያች የትንሿም አፏን ስታዞር ሞልቶ ነበር።