በበርሜላችን የሰነበቱ ዓሦች

ልጅ ሳለሁ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቤታችን በሙሉ የአው ሙሜ ነበር። አው ሙሜ የእናቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐረማያ ሐይቅ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ፈላና በር ከሚባለው የከተማችን ግንብ መግቢያ አጠገብ ወዳለው ቤታችን መጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ እናቴ ኩራዙን ለኩሳ በግድግዳው ውስጥ ከተበጀችው መደርደሪያ ላይ ታኖረዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ከከሰሉ ፍም አጠገብ ተቀምጠው፣ ከተጠቀለለ የሰነበተ መረባቸውን ዘርግተው እየጠገኑ ያወሩልኛል። የመረቡን ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። እጄ እስክተኛ ድረስ ጭቃና ቄጠማ ይሸት ነበር።

ከሁሉ የምወደው የቆሮሶዋን ተረት ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ልጆቹን የሚያሳድገው በእናቲቱ አፍ ውስጥ ነው ይሉኛል፤ ጠላት ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፣ ተግተልትለው ይገባሉ፣ እሷም እንዳትውጣቸው ፈርታ ምንም ሳትቀምስ ትሰነብታለች። አንድ ስግብግብ አጥማጅ ታዲያ፣ እናቶቹ ልጅ በአፋቸው በያዙበት ወራት መረብ አትጣል ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ ጠራርጎ አወጣቸው። በማግስቱ ሲመለስ ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሐይቁ ተቀይሞ ሄዷል።

«የት ሄደ?» እላቸዋለሁ ሁልጊዜ።

«አማና ወደሚጠብቅ ሰው። ዓሣው የአላህ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አማና ከሚበላ ሰው ጋር ውሃም አይቀመጥ።»

ሐይቁ እውነትም መሸሽ ሲጀምር እኔ ያንን ስግብግብ ሰውዬ ፈለግሁ። በአካባቢው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለድንቹ ውሃውን በሞተር ይስባል፤ የእኛም ከተማ የቧንቧ ውሃ ከዚያው ነበር የሚመጣው፤ ዝናቡም እንደ ድሮው አልነበረም። ትልልቁ ዓሣ ሲጠፋ አጥማጆቹ የመረባቸውን ዓይን አጠበቡ። ሁሉም የሚያበላው ልጅ ነበረው። ተረቱ ውስጥ ያለውን ሰው የሚመስል አንድ እንኳ አጣሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አው ሙሜ ባልዲ አንጠልጥለው «ነይ፣ ሐይቁን እንየው» አሉኝ። በሚኒባስ በአወዳይ በኩል ሄድን። ስንደርስ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ መሀል ላይ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀርታለች፣ ሰዉም ዙሪያዋን ከቦ ዓሣውን በሳፋ፣ በቅርጫት፣ በሻሽ ሳይቀር ይዝቃል። ድሮ አብሯቸው ያጠምድ የነበረ ኢብሮ የሚባል ሰው እዚያ ነበር።

«ኢብሮ፣ ትንንሾቹን እንኳ ተዋቸው» አሉት።

ቀና ብሎ አያቸው። «ብተዋቸው የት ይሂዱ፣ አው ሙሜ? ነገ ውሃው ያልቃል።»

ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነበር። አው ሙሜ ሽርጣቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ገቡና በሕይወት ያሉትን እየለቀሙ ወደ ባልዲው ይጨምሩ ጀመር። ሰዎቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ያዩዋቸው ነበር።

ቤት እንደደረስን ዓሦቹን ግቢያችን ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል ጨመሯቸው። ሲመሽ ኩራዙን አቅርበን ስናይ፣ ከመሀላቸው ትልቋ አፏን ከፈተችና ጤፍ የሚያካክሉ ልጆች እንደ ጢስ ወጡ። እናቴ ሳትቀር እጇን አፏ ላይ ጫነች። አው ሙሜ «ኢንሻአላህ ዝናቡ ሲጥል እንመልሳቸዋለን» አሉ፤ እኔም አመንኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ቧንቧው ጸጥ አለ። ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይንከራተት ጀመር፤ በአህያ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የሚመጣውም ውሃ ሳይወርድ ያልቃል። በዚያ ላይ ዳዴ የሚለው ወንድሜ ተቅማጥ ያዘውና ከንፈሩ ደረቀ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ በርሜሉ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«አጎቴ» አለች ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «ያለን ውሃ ይሄ ብቻ ነው። እንደ ምንም ባፈላው…»

አላስጨረሷትም። ጣሳውን ራሳቸው አነሱና «ልጁ ይቅደም» ብለው ይቀዱላት ጀመር። እናቲቱን ዓሣና የቻሉትን ያህል ልጆቿን በትንሽ ሳፋ አስቀሩ። ሳፋውን ጥላ ወዳለበት እያዞርኩ ዋልኩ። ውሃው ግን ሞቀ፣ ቀነሰም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ተንሳፈፉ። እናቲቱ ልጆቿን መልሳ በአፏ ይዛ ነበር የሞተችው። አው ሙሜ ከግንቡ ሥር ቆፍረው ቀበሯት፤ እኔም አላለቀስኩም፣ ምክንያቱም ውስጥ ወንድሜ ውሃ እየጠጣ ነበር።

ወንድሜ ዳነ። አው ሙሜ ከዚያ በኋላም ያወሩልን ነበር፤ ስለ ጅብ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ብልህ ሚስቱ። አንድ ምሽት የቆሮሶዋን እንዲነግሩኝ ብለምናቸው፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ «እኔም ተረት መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ዓመት ቆይተው አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው።

አሁን ዝናቡ ደግ ሆኖ የሐረማያ ውሃ ተመልሷል፣ ዓሣም አለበት። ባለፈው ክረምት ማግስት ከወንድሜ ጋር ሄድን። ዳር ላይ አንድ ወጣት አጎበር በሚመስል መረብ ጣት የማያክሉ ዓሦች ይጎትታል። ቀርቤ፣ እነዚህ ሳያድጉና ሳይወልዱ ካለቁ ለከርሞ ምን ታጠምዳለህ ብዬ በደንብ አስረዳሁት። ሥራውን አቁሞ በአክብሮት አዳመጠኝ።

«እውነትሽን ነው፣ እህቴ» አለ። «ግን እኔ ብተወው ያኛው ይወስደዋል።»

በአገጩ ወዳመለከተኝ ዞርኩ። ፈንጠር ብሎ የቆመ ሌላ አጥማጅም መረቡን እንደያዘ ወጣቱን ያይ ነበር።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ «እንሂድ» አለኝ። በሚኒባሱ ውስጥ፣ አው ሙሜ ቢኖሩ ለዚያ ልጅ ምን ይሉት ነበር እያልኩ አሰብኩ፤ ምንም የሚሉት አይመስለኝም። ተረቶቻቸውን አብዛኞቹን ረስቻለሁ። አልለቅ ያለኝ፣ ጥፋቱን ዓይኔ እያየ ጥፋተኛውን ሳጣ የሚይዘኝ ዝምታ ነው።