ጉድጓዱን ማን ይምረጥ?

«ሚዛን» ይሏታል፤ ስሙን ያወጡላት የገልባጭ መኪና ሾፌሮች ናቸው። መንገድ ሥራ ላይ አፈር መርማሪ ናት። ሮለር የጠቀጠቀው ንጣፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ያወጣችውን አፈር ትመዝናለች፤ ጉድጓዱን በደረቅ አሸዋ ሞልታ አፈሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ታሰላለች። ከመቶ ዘጠና አምስት ካልሞላ ንጣፉ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል።

ጉዱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ፎርማኑ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እናት አባታቸው ሲሞቱ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እዚህ ጋ ቆፍሪ» ሲላት እዚያው ቆፈረች። ጋሼ የሚያሳያት ደግሞ ሮለሩ የተመላለሰበትን መሀል መሀሉን ነው። ታዲያ ያሳደገን ወንድም ምን ይሉታል? ምንም አይሉትም።

ዘንድሮ ግን መንገዱን ከሁለት ጫፍ የሚሠሩት ሁለት ኩባንያዎች በአንድ መመሪያ ተስማሙ። የአሸዋው ወንፊት አንድ፣ አመዛዘኑ አንድ፣ የሚቆፈረውም ቦታ በዕጣ። ዕጣው ወደ ዳር ወሰዳት። ውጤቱ ዘጠና አንድ።

«ተሳስተሽ ነው» አለ ጋሼ። «ደመናውን አታዪም? መሀሉን ቆፍሪና እንገላገል።»

እምቢ ብላው አታውቅም።

«ጋሼ፣ እኔን ካላመንከኝ የወዲያኛው ኩባንያ መርማሪ ይምጣ» አለች።

ሰውየው የራሱን ሚዛን ይዞ መጣ። በዚያው መመሪያ፣ ከጉድጓዷ አጠገብ ቆፈረ። ዘጠና አንድ። ወሬ ሳያበዛ ፈርሞ ሄደ።

የጋሼን ቁጣ ስትጠብቅ፣ እሱ አጠገቧ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«አምና ዳሩ ሰምጦ ሚኒባስ የገለበጠው መታጠፊያ...» አለ። «ቦታውን ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ሰው ባይሞትም እንቅልፍ ነስቶኛል። ዳሩ እንዳልጠበቀ አውቅ ነበር።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለች።

ይህን ተናግረውት አያውቁም። ሁለቱንም ሐፍረት ያዛቸው፤ ግን ቀለላቸው።

ጋሼ ተነሥቶ የግሬደሩን ሾፌር «ከዳር እስከ ዳር ንቀለው» አለው። ደመናው አዘነላቸው መሰል፣ በሦስተኛው ቀን ንጣፉ አለቀ። ዕጣ አወጣች፣ ቆፈረች፣ መዘነች።

«ዘጠና ሰባት» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት። በአሥራ አንድ ዓመት አዟት እንጂ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም ነበር።