ሴሲል ማጎዋን ከሳጥኑ ላይ ስለ አባቱ የተናገረው

ሴሲል ማጎዋን ወደ ሰላሳ ለሚጠጉ ዓመታት በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ላይ በፖርትካሪን ወደብ ጥግ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የእንጨት ሳጥን ላይ ቆሞ ሰብኳል። እኔ አኮርዲዮን እጫወትለታለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቅዳሜን ቤት ተቀምጬ ከማሳልፍ ብዬ ጀመርኩት፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስለ ሴሲል ብዙ ሰው ብዙ ያወራል። እኔ ግን ከአጠገቡ ስለነበርኩ ያየሁትን ብቻ ልናገር።

የዳቦ መኪና ሹፌር ነበር። አላገባም። ሲበዛ ንጹሕ፣ ሲበዛ ሰዓት አክባሪ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። ጌታን የተቀበለው በፈረንጆቹ 1958 ሰኔ ወር፣ በድንኳን ጉባኤ ሲሆን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሳይጠይቁት ይነግራል። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ሳይመሰክርለት አልፎ አያውቅም። ትራክቶቹን፣ እነዚያን የወንጌል በራሪ ወረቀቶች፣ የሚያድለው ለዓሣ ጥብስ ወረፋ ለያዙ ሰዎች ነበር። «ወረፋ የያዘ ሰው አይሸሽም፣ ሮበርታ» ይለኛል። አንዳንዴም በሚያደርሰው ዳቦ መሐል ይሸጉጣቸዋል። አሠሪው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆታል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የማያውቀውን ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዛሬ ማታ ብትሞት የት ትሄዳለህ?» ቦይድ የሚባል አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ብርጭቆውን ይዞ የማይጠፋ፣ አንድ ቀን «ወደ ሚስቴ ነዋ፤ ከዚያ የባሰ የት አለ?» ብሎ ወደቡን በሳቅ ሞላው። ሴሲል አልሳቀም። መሳቅ ይችላል፤ ሳጥኑ ላይ ሲሆን ግን አይስቅም።

በእኛ የወንጌል አዳራሽ ሰው ምስክርነት ከሌለው ሳጥን ላይ አይወጣም። ምስክርነት ማለት ጌታ ከምን እንዳወጣህ መናገር ነው። ታዲያ ያወጣህ ከጉድጓድ ከሆነ ሰው ቆሞ ይሰማሃል፤ ከደረጃ ላይ ከሆነ ግን ማን ዞር ብሎ ያይሃል? እኔ ለምሳሌ በዘጠኝ ዓመቴ ነው የዳንኩት። ትልቁ ኃጢአቴ የአክስቴን ማርማላታ በማንኪያ መስረቄ ነበር። አንድ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ተናገርኩትና አንዲት ሴትዮ «ምን ዓይነት ማርማላታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ አኮርዲዮኔን ብቻ ያዝኩ።

የሴሲል ምስክርነት ግን ሰው ያቆማል። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ «ቤታችን ውስጥ መጠጥ ነበር» ብቻ ነበር የሚለው። አባቱ ሽማግሌው ዊልበርት ያኔ በሕይወት ነበሩ። እዚያው ወደብ ላይ፣ ከሳጥኑ ሰላሳ እርምጃ ርቀው መረብ ይጠግኑ ነበር። ልጃቸው ይህን ሲል ቀና እንኳ ሳይሉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሞተው ከተቀበሩ በኋላ ነገሩ ማደግ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት አባቱ «ጠጪ» ሆኑ። በሦስተኛው ዓመት የዓሣውን ገንዘብ እዚያው መጠጥ ቤት ጨርሰው የሚገቡ ሆኑ፤ ልጆቹም በረሃብ ይተኙ ጀመር። በስድስተኛው ዓመት የእናታቸው የጋብቻ ቀለበት መጣ። «አባቴ የእናቴን ቀለበት ከሳጥኗ ሰርቆ ሸጠና ጠጣበት!» ሲል መንገደኛው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ ከረጢት የያዙ ሴቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሴሲል ግን እያደር ከበደ።

እኔ ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። ለአዲስ ዓመት አንዲት ብርጭቆ ጥቁር ቢራ ይጠጣሉ፤ እሷንም ተለምነው ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ሰው ይቆም ነበር፣ ሰው ሲቆም ደስ ይለን ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዝም ያላለች አንዲት ሰው ታላቅ እህቱ ኢና ናት። አባቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ ነበረች። የቀለበቱ ወሬ ከስብከቱ ሳጥን ላይ የተነገረ ዕለት ቤቱ ድረስ ሄዳ «ሙት ወቃሽ!» ብላው ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት አላናገረችውም። ቅዳሜ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በወደቡ አታልፍም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞራ ትሄዳለች።

ይህ ሁሉ ባለበት፣ በ1990 ሚያዝያ ላይ፣ ኢና ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘባት። ሰኞ ቤልፋስት ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል ተባለ፤ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጣትም። ሴሲል ይህን የሰማው ሐሙስ ዕለት፣ መድኃኒት ቤቱ አጠገብ ላለው ሱቅ ዳቦ ሲያደርስ ነው። በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሮበርታ፣ አብረሽኝ ነይ። ብቻዬን ከሆንኩ በር አትከፍትልኝም።»

«ምን ልትላት ነው?»

«ሳትድን ብትሞትስ? እህቴ እኮ ናት። መንገደኛውን ሁሉ ዳኑ እያልኩ ስለምን ኖሬ እህቴ ትጥፋ?»

ቀልድ አልነበረም። ሴሲል የሚሰብከውን የሚያምን ሰው ነው፤ እህቱን ለዘላለም ሊያጣት እንደሆነ ነበር የሚያየው። ሄድን። ኢና በሩን ከፈተች፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ እሱን አየች።

«አጃቢ ይዘህ መጣህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ሰማሁ። ገና ጊዜ አለሽ።»

«ለምኑ?»

«ጌታን ለመቀበል።»

«ሻይዬን እንኳ አልጠጣሁም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። በሩን ስላልዘጋችው ተከትለናት ገባን። ተቀመጡ አላለችንም። ለራሷ ሻይ ቀድታ ቁጭ አለች።

«ስማ ሴሲል። ቅዳሜ እመጣለሁ። እዚያ ሳጥንህ ላይ ወጥተህ አባባ ሰካራም አልነበሩም በል። ያን ካልክ የፈለግከውን ያህል ስበከኝ። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ፤ ቃሌ ነው።»

«እትዬ፣ እሱን እንኳ...»

«የቀለበቱንም ነገር። እንደሆነው አድርገህ። አባባ ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ነግረውኛል።»

ሴሲል ክው አለ። እኔ የምታወራው አልገባኝም ነበር። ስንወጣ ጠየቅኩት፤ «ቅዳሜ ትሰሚዋለሽ፣ ወይም አትሰሚውም» አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

ዓርብ ማታ ከጸሎት በኋላ ለሽማግሌያችን ለወንድም ፌሪስ ነገራቸው። ወንድም ፌሪስ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን አዳራሹን ከምንም በላይ ይወዳሉ።

«ወንድም ሴሲል፣ ስህተት ነው፤ ጌታ ደግሞ ይቅር ባይ ነው» አሉት። «ከነገ ጀምሮ አታንሣው፣ በቃ። ወጥተህ ዋሽቼ ነበር ካልክ ግን ነገ ወንጌሉንስ ማን ያምነናል? ቦይድ አፍ ውስጥ ነው የምትጥለን። በዚያ ምስክርነት ስንት ሰው ዳነ?»

እኔ የማውቀው ሁለት ነው፤ አንዱም ለፋሲካ ወደ መጠጥ ቤቱ ተመልሷል። ይህን ግን አልተናገርኩም።

«ዝም ካልኩ እሷ ትጠፋለች» አለ ሴሲል።

«እሷ ሰበብ እየፈለገች ነው።»

«ይሆናል» አለና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ነበረ። ኢና ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ መጣችና መርከብ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አንድ መዝሙር ተጫወትኩ። ሴሲል ሳጥኑ ላይ ወጣ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ቦይድ ከመጠጥ ቤቱ በር ሆኖ አላስችል አለው።

«ሴሲል! ምነው ዛሬ? አባትህ ዛሬ የሚሸጡት አጡ?»

ሰዉ ሳቀ።

«አባቴ ምንም አልሸጡም» አለ ሴሲል።

ድምፁ የሰባኪ ድምፅ አልነበረም፤ ወረፋ ላይ ቆሞ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። ኋላ የቆሙት «ምን አለ?» ሲባባሉ ሰማሁ። ከፍ አድርጎ ደገመው።

«አባቴ ምንም አልሸጡም። አይጠጡም ነበር። ተርበን አድረን አናውቅም። እዚህ ሆኜ ያልኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ቀለበቱን የሸጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤልፋስት ሄጄ ሁለት ቀን ጠጣሁበት። ስመለስ እናቴ ቤቱን ታምሳለች። አባቴ አዩኝ፤ ወዲያው ገባቸው። እሷን ግን ‹አትድከሚ፣ እኔ ነኝ፤ ለጀልባው ሞተር ቸግሮኝ ሸጥኩት› አሏት። እናቴ ያን ክረምት ሙሉ አላናገረቻቸውም። እኔም ማዕድ ላይ ተቀምጬ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ቦይድ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ።

«ከዚያ ጌታን ተቀበልኩ። ኃጢአቴን ሁሉ ተናዘዝኩ ብዬ ነበር። ይቺን ግን አልተናዘዝኳትም፤ ለአባቴ ሰጠኋቸው። ሰው ቆሞ እንዲሰማኝ ብዬ።»

ወንድም ፌሪስ ጫማቸውን ያያሉ። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ትራክት በቀስታ አጥፋ ሳጥኑ ጥግ አስቀመጠችና ሄደች። ሌሎችም ተከተሏት። ወንጌሉን ማን ያምናል ያሉት ወንድም ፌሪስ አልተሳሳቱም። ስድስት ሰባት ሰው ቀረ።

ኢና ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «በል ስበክ» አለችው። «ቃሌን ሰጥቼሃለሁ።»

ሴሲል መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ። ገጹን ገለጠ፣ ሌላ ገለጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሞልቶ ሲፈስ የኖረ ሰው እንዲህ ሲደርቅ ማየት ከባድ ነው። መዝሙር ልጀምርለት ብዬ አኮርዲዮኑን ዘረጋሁ፤ ኢና በእጇ ከለከለችኝ።

«ሰላሳ ዓመት ሙሉ» አለችው፣ «የሌላውን በደል ስለተሸከመ ጌታ ለመንገደኛ ትናገራለህ። በገዛ ወጥ ቤታችን ማን የማንን ተሸክሞ እንደኖረ አንድ ቀን እንኳ ታይቶህ አያውቅም?»

ሴሲል ከሳጥኑ ወረደ። ሳይጨርስ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። ፊቷ ቆመና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«የወቀስከው እኔን አይደለም። ስለ አባባ ሆኜ ይቅር ልልህ አልችልም።» ተነሥታ ካፖርቷን አራገፈች። «ሰኞ ግን የሚያደርሰኝ ሰው የለኝም።»

«በስንት ሰዓት?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። መኪና ውስጥ ደግሞ ስብከት የለም። ሮበርታም ትምጣ።»

ሰኞ ሄድን። ሴሲል ይነዳል፣ ኢና ከጎኑ፣ እኔ የእሷን ቦርሳ ይዤ ከኋላ ነኝ። ግማሽ መንገድ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ነዳጅ ስንቀዳ እንኳ ቀጂውን ዛሬ ብትሞት የት ትሄዳለህ ብሎ አልጠየቀውም። በመጨረሻ ኢና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምነው ተለጎምክ?»

«ስብከት የለም ብለሻል።»

«እሰማሃለሁም ብያለሁ። ሳትነግረኝ ነው እንዴ ቢላዋ ሥር የምገባው?»

ሴሲል መንገዱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፣ እትዬ። የድሮው የለኝም።»

«ከአባባ ጀምር» አለችው።

መኪናውን ወደ መንገዱ ዳር አወጣና አቆመ። እጆቹን ከመሪው ሳያነሣ፣ ስለዚያ ክረምት፣ ስለዚያ ማዕድ፣ አባቱ እያወቁ ዳቦውን ቆርሰው ስለሚሰጡት ይነግራት ጀመር። ከዚያ ወደ ጌታ አለፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰብክ የሰማሁት ሰው አልመሰለኝም፤ ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ። ኢና አላቋረጠችውም፤ አሜንም አላለችም።

ሆስፒታል የደረስነው ሃያ አምስት ደቂቃ አርፍደን ነው። ነርሷ ተቆጣች። «እኔን አትቆጪኝ» አለቻት ኢና፣ ቦርሳዋን ከእጄ እየተቀበለች፤ «ወንድሜ ነው ያስረፈደኝ።»